በጣት የሚነበብ ደረጃ

የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ የመንደር ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ «ሞርሳ» ይላታል። ሞርሳ ብረት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ፣ ሁለት መንጋጋውን ገጥሞ ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ስሙን ያወጣላት ብየዳ ያስተማራት ሽማግሌ ነበር፤ «ይቺ ልጅ አንዴ ከያዘች እጀታዋን ካላዞሩላት አትለቅም» ብሎ። እሷም አልተቀየመችም። ዛሬ ለደንበኛ ስትደውል እንኳ «ሞርሳ ነኝ፣ መስኮትዎ ደርሷል» ነው የምትለው።

መንገዱን ይዞ የሚሄድ ሰው የእሷን መስኮት ከሌላው ለመለየት አይቸገርም። ሌሎች በያጆች ብረቱን ቀጥ ቀጥ አድርገው ደርድረው ያልፋሉ። እሷ ግን የሆነ ቦታ ላይ ሳታወዛውዘው አይሆንላትም። «ቀጥ ያለ ብረት ብቻ ያለበት መስኮት እስረኛ የሌለበት እስር ቤት ነው» ትላለች። ደንበኞችም ይህን ለምደው፣ «ያቺን ነገርሽን አድርጊልኝ» ብለው እጃቸውን አየር ላይ ያወዛውዛሉ። እሷም እጇን መልሳ ታወዛውዛለች። ተግባብተው ይለያያሉ።

በቃል ቢሆን ኖሮ አይግባቡም ነበር፤ ሞርሳ በቃል ነገር ዕድል የላትም። ዕድል የነሳቻት ደግሞ እናቷ ናት። እናቷ ሠላሳ አራት ዓመት ቋንቋ አስተምራለች፤ ጡረታ ከወጣች ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚላት። ሞርሳ ሰባተኛ ክፍል ሳለች የገዛ እናቷ ክፍል ውስጥ ደረሰችና ከመቶ አርባ አንድ አገኘች። ፈተናው ስለ አንድ ወንዝ አንድ ገጽ መጻፍ ነበር። ሞርሳ ሦስት መስመር ጽፋ፣ ከሥሩ ወንዙን ሣለችው። በቃል ስትጠየቅም ጣቷን አየር ላይ እያጠማዘዘች «እንዲህ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል» አለች።

«እጅሽን ኪስሽ ክተቺና ንገሪኝ» አለች ቲቸር።

ሞርሳ እጇን ኪሷ ከተተች። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን የነበረው ብረት ቤት ግን እጅን ኪስ ክተቱ አይልም ነበር፤ ዕረፍት ሲሆን እየሄደች ቆማ ታያለች፣ ቀጥሎ መዶሻ ታቀብላለች፣ ቀጥሎ ደግሞ መዶሻውን እሷው ያዘችው። አሁን የራሷ ብረት ቤት አላት። ከጀርባው ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች፤ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ፣ ምድጃዋና ቦታ ያጡ የብረት ቁርጥራጮች ይጋፋሉ።

ቲቸር የምትኖረው ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ነው። ፎቁ የእሷ ነው፤ ምድር ቤቱን ልብስ ሰፊዋ ይዛዋለች። ደጃፉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ረፋድ ላይ የድሮ ተማሪዎቿ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው አያት ሆነው፣ መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። ቲቸር ጋዜጣ ታስነብባቸዋለች፤ ታርማቸዋለች።

ጋዜጣውን የምታስነብበው ራሷ ማንበብ ስላቃታት ነው። ዐይኗ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ሄደ። ሐኪሞቹ የዐይን ግፊት አሉት። ቲቸር «ዐይኔ ጡረታ የወጣው ከእኔ ዘግይቶ ነው፤ ትጉህ ነበር» አለችና ኑሮዋን ቀጠለች። ቤት ውስጥ ችግር አልነበራትም። ችግሩ ደረጃው ነበር።

ደረጃውን በቁጥር ነበር የምትወርደው። ስምንት ደረጃ፣ ማረፊያ፣ ደግሞ ዘጠኝ ደረጃ፣ ከዚያ መሬት። አንድ ማለዳ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ እየቆጠረች ሳለ ልብስ ሰፊዋ ከታች ብቅ ብላ «ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?» አለች። ቲቸር ደግሞ ሰላምታን በግማሽ የምትመልስ ሰው አይደለችም። ባለችበት ቆመች። ደህና አድራ እንደሆነ፣ ልጆቿ፣ የእናቷ ወገብ፣ ሰሞኑን ክር የሚበጥሰው ማሽኗ፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ። ጥያቄው ሲያልቅ ቁጥሩ ጠፍቷል። ሰባት ነው ብላ ወሰነች። ስድስት ነበር። አንድ ደረጃ ሲቀራት «ጨረስኩ» ብላ በልበ ሙሉነት ተራመደች፤ ቁርጭምጭሚቷም ዞረ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቁ ልጇ፣ የሞርሳ ወንድም፣ መጣ። መድኃኒት ቤት አለው፤ የመጣውም ሦስት ዓይነት ቅባትና አንድ ውሳኔ ይዞ ነው።

«እማዬ፣ በቃ። እኔ ቤት ትገቢያለሽ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ቀን ቀን ሰው የሚባል ነገርም የለም።»

«ሠራተኛዋ አለች እኮ!»

«ሠራተኛዋ የምታወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው።»

«ለጊዜው ነው እማዬ። ክረምቱ ይለፍና...»

ቲቸር የታሰረ እግሯን ትራስ ላይ አስተካከለች። «እኔ ይህን 'ክረምቱ ይለፍና' አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እኔ እወጣለሁ። ቀጥሎ አልጋዬ ይወጣል። ቀጥሎ ቤቱ ባዶውን ከሚቀመጥ ተብሎ ይከራያል። አንዴ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ልጄ።» ይህን ያለችው በቀልድ ድምፅ ነው፤ እጇ ግን የትራሱን ጫፍ ይዞ አልለቀቀም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሞርሳ ያንን አየች።

«ሁለት ሳምንት ስጠን፣ ጋሼ» አለች።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ደረጃው እንዲናገር አደርገዋለሁ።»

«አንቺ ራስሽ ሳትናገሪ?» ወንድሟ ሳቀ፤ ክፋት የለበትም። ልቡ የሚደነግጥ ሰው ስለሆነ ነው ድርቅ የሚለው። ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። እማዬ ማንም ሳይነካት ወርዳ፣ ማንም ሳይነካት ከወጣች ይህን ወሬ ሁለተኛ ከአፌ አትሰሙትም። ካልሆነ ግን በዚያው ቀን ይዣት ነው የምሄደው።»

«ካልሆነ እሄዳለሁ» አለች ቲቸር።

የሞርሳ ሐሳብ ቀላል ነበር። ደረጃው ላይ ያለው አሮጌ መደገፊያ ይነሳና ሌላ ይተከላል፤ አዲሱ ከላይ ለስላሳ ወፍራም ቧንቧ፣ ከጎኑ ደግሞ የተጠማዘዘ ቀጭን ብረት የተበየደበት ይሆናል። መዳፍ ቧንቧውን ይደገፋል፤ ጣት ቀጭኑን ብረት ያነባል። ጥምዝምዙ በየቦታው ሲለያይ እናቷ የት እንደደረሰች ታውቃለች፤ ሰው ሰላም ቢላትም አይጠፋባትም።

በማግስቱ ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ብረቶች በተለያየ መንገድ አጣማ በከረጢት ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋም ጥፋተኝነቱ ስላልለቀቃት ሥራዋን ጥላ ወጥታለች። ቲቸር ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።

«በይ አምጪ። እያንዳንዱ ስም ያስፈልገዋል።»

«ስም ለምን ያስፈልገዋል እማዬ? በእጅሽ ካወቅሽው...»

«ስም የሌለውን ነገር እጅ ይረሳዋል። አምጪ።»

የመጀመሪያውን ብረት በጣቶቿ አስሄደችው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ሁሉም እኩል። «ይሄ ሞገድ ነው» አለች። «ሞገድ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ሌላውን ሳይበልጥ እየተከታተለ ይመጣል። ሬዲዮም በሞገድ ነው የሚመጣልን፤ ለዚህ ይሆናል ዜናው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነብኝ።»

ሁለተኛው ትላልቅ፣ ሾል ሾል ያለ ነበር። ሞርሳ ኮርታበታለች። ቲቸር ነክታው እጇን ሰበሰበች። «ይሄማ ማዕበል ነው። ማዕበል ሞገድ ሲቆጣ ነው። ይሄን ደረጃዬ ላይ ከተከልሽው መደገፊያ ሳይሆን ጀልባ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ይሄ ወደ ላይና ወደ ታች አይልም፤ ግራና ቀኝ ነው የሚለው። ጠመዝማዛ በይው። ጠመዝማዛ የመንገድ ነው፣ የወንዝ ነው። አይቸኩልም።»

አራተኛው ጥቅጥቅ ያለ፣ ትንንሽ እጥፋቶች የተደረደሩበት ነበር። «ሽብሽብ» አለች ቲቸር።

«ኧረ ቲቸር!» ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «በዚህ እንኳ እኔን አያሸንፉኝም። ሽብሽብ ክር ጎትተው የሚሰበስቡት ነው፤ እንደፈለገው ነው የሚኮማተረው። ይሄ ተለክቶ፣ ታጥፎ፣ ተተኩሶ የተደረደረ ነው። ይሄ ሽንሽን ነው።»

ቲቸር ብረቱን ደግማ ዳሰሰችው። «ልክ ነሽ» አለች፣ ለተማሪ ነጥብ እንደምትጨምር ሁሉ። «ተመሳሳይ ቃል የሚባል ነገር የለም፤ ተቀራራቢ እንጂ። ይሄን ለሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ራሴ ልሳሳት!» አምስተኛውን አነሣች። «ይሄስ? ይሄ አባጣ ጎርባጣ ነው። ማንም አስቦ የሠራው አይመስልም።»

«እሱ ሳጥፈው ያመለጠኝ ነው» አለች ሞርሳ።

ሦስቱም ሳቁ። ለደረጃው ሞገድና ሽንሽን ተመረጡ። ደረጃው እስካለ ድረስ ሞገድ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ሽንሽን ይሆናል፤ ማረፊያው ላይ ብረቱ ቀጥ ብሎ ይተኛል።

ሞርሳ የደንበኞቿን በርና መስኮት ወደ ጎን ገፍታ ስድስት ቀን ሠራች። ብረቱን ካስማ በተተከለበት ላሜራ ላይ እያስገባች፣ አንዱን ጫፍ ይዛ በሰውነቷ ክብደት ትጎትተዋለች፤ ብረቱም እያጉረመረመ ይታጠፋል። ስትበይደው ብልጭታው ጫማዋ ላይ ይረግፋል። በመጨረሻ በሞረድ አለሳለሰችው፣ ዐይኗን ጨፍና ከላይ እስከ ታች እጇን አሳለፈችበት። የሚቧጥጥ ነገር የለም። እሑድ ጠዋት ተተከለ።

ቲቸር ቁርጭምጭሚቷ ተሽሏት፣ የሞገዱን መጀመሪያ በጣቷ ያዘችና መውረድ ጀመረች። ሞርሳ ሁለት ደረጃ ቀድማ ወደ ኋላዋ ትሄዳለች። «ሞገድ» ትላለች ቲቸር። «ሞገድ... ሞገድ... አሃ፣ ሽንሽን። ሁለት ቀረኝ።» ማረፊያው ላይ ቆመች። ዞረች። «ሞገድ...» ከታች ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ሰላም ላለማለት እየታገለች ነው። «ሽንሽን። አንድ። ሁለት። መሬት!» ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች፤ አግዳሚው ላይ የነበሩት የድሮ ተማሪዎችም ተከትለው አጨበጨቡ።

«አሁን ልውጣ» አለች ቲቸር፤ ፊቷ በርቷል።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ጣቷ ሽንሽኑን ነካ። ቆመች። «አለቀ ይላል እኮ?»

«አይ፣ እሱ ገና መጀመሪያው ነው እማዬ። ቀጥይ።»

ቀጠለች። ሞገድ፣ ሞገድ፣ ሞገድ። ሞገዱ እኩል ተራውን እየጠበቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ዘጠነኛውን ደረጃ አለፈ፣ ሳያስጠነቅቅ ማረፊያው ላይ ደረሰ። ቲቸር የሌለ አሥረኛ ደረጃ ልትረግጥ እግሯን አነሣች። እግሯ አየሩን ረግጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጉልበቷ ነጠረ። ሞርሳ ከኋላ ክርኗን ባትይዛት ኖሮ ተመልሳ ትወርድ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ቲቸር ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ተነፈሰች።

«ብረትሽ ሲወርዱ እውነት ይናገራል» አለች ቀስ ብላ። «ሲወጡ ይዋሻል።»

ቤት ገብተው ሲቀመጡ ቲቸር ሞርሳ የፈራችውን ነገር ተናገረች፦ «ምናልባት ወንድምሽ ልክ ሳይሆን አይቀርም።»

ሞርሳ ያን ቀን ወደ ብረት ቤቷ ስትመለስ ስህተቱ የት እንደሆነ ገብቷታል። ያስተማራት ሽማግሌ መጀመሪያ ካስያዛት ነገሮች አንዱ «ብረት ወደ ታች ነው የሚዳሰስ» የሚል ነበር። ሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ እጅም ሞረዱ የሄደበትን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ያልፋል። ተቃራኒውን የሞከረ ይቧጠጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራቻቸውን መደገፊያዎች ሁሉ የፈተሸቻቸው ከላይ ወደ ታች ነው። ሰው ደረጃ እንደሚወጣም ታውቃለች፤ እጇ ግን አያውቅም ነበር።

በማግስቱ መፍትሔ ይዛ መጣች፦ ሽንሽኑ ከታችም ከላይም ይደረጋል።

«አይሆንም» አለች ቲቸር።

«ለምን አይሆንም? ስትጀምሪ አንድ ጊዜ ታገኚዋለሽ፣ ስትጨርሺ ሁለተኛ ጊዜ...»

«ለመነሻና ለመድረሻ አንድ ቃል? ስጀምር ሽንሽን፣ ስጨርስ ሽንሽን። መሀል ላይ ሰው አዋርቶኝ ብቀጥል፣ ጣቴ የነካው የቱ እንደሆነ እንደገና ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። ማሰብ ካለብኝማ መቁጠሩ ምን አነሰኝ?»

ሞርሳ በጣቷ ቆጠረች፤ ከቅዳሜው በፊት አራት ቀን ቀርቷታል።

ማክሰኞ ሞርሳ ብረት ቤቷ ውስጥ ሥራ ሳትሠራ ትሠራ ነበር፤ ማለትም ያለቀ መስኮት ደግማ ትሞርድ ነበር። ሞረዱ ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝ ለማራገፍ በመዳፏ ጠረገችው። ሳታስበው በተቃራኒው በኩል ነበር የጠረገችው። «እፍ!» ብላ መዳፏን አየች፤ ተቧጥጧል። ሞረዱን ደግማ፣ አሁን በቀስታ፣ በአንዱ በኩል ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። በሌላው በኩል ዳሰሰችው። ይይዛል። ያው ሞረድ፣ ያው ጥርስ። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። ከጀርባቸው ለመጣ እጅ መንገድ ይለቃሉ። ከፊታቸው ለመጣ ግን ቁም ይላሉ።

ሞረዱን አስቀመጠች። ካስማዎቹን ከላሜራው ላይ ነቅላ በሌላ አቀማመጥ ተከለቻቸው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ ብረት ብቻ ይዛ ሄደች። ሁለት ሞገድ ነበሩበት፤ ከአንዱ ወገን ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ጫፋቸው ላይ ወደ ፊት ደፋ ይሉና ድንገት ይወርዳሉ። ቲቸር ከጀርባቸው በኩል ዳሰሰች። ጣቷ ተንሸራቶ አለፈ። ከፊታቸው በኩል ዳሰሰች። ጣቷ ደፋ ካለው ሥር ገብቶ ቆመ።

«እንዴ!» አለች። ደግማ ሞከረች።

«ከላይኛው ጫፍ የሚሆኑት ፊታቸው ወደ ታች ነው» አለች ሞርሳ፤ እጇን እያወዛወዘች። «ከታችኛው ጫፍ የሚሆኑት ፊታቸው ወደ ላይ። ሁሉም ፊታቸው ወደ ደረጃው፣ ጀርባቸው ወደ ማረፊያው። ስትነሺ ዝም ብለው ያሳልፉሻል። ስትደርሺ ይይዙሻል። ስትወርጂም ስትወጪም።»

ቲቸር ብረቱን ከጉልበቷ አላወረደችም። «ስሙ ማነው?»

«ጎባጣ ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ዛሬም ወጥታለች።

«ጎባጣ ከየትኛውም በኩል ብትመጪ ጎባጣ ነው። ይሄ ፊትና ጀርባ አለው።»

«ዘመም ያለ እንበለው?»

«ዘመም ያለ ሊወድቅ የደረሰ ነው። አጥር ይዘማል፣ ሰካራም ይዘማል። ይሄ አይወድቅም፤ አስቦ ነው ያደረገው።» ቲቸር ግንባሯን ቋጠረች። ጣቷ ብረቱ ላይ ይመላለሳል። «ቆልማማ... አይደለም። ደፋ... አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት! አለ እኮ፣ ምላሴ ላይ ነው፣ የት ይሄዳል...»

ሞርሳ ሁለት እጆቿን ከኪሷ ውስጥ አገኘቻቸው። መቼ እንደከተተቻቸው አታውቅም።

«አጎንባሽ» አለች።

የቲቸር ጣት ብረቱ ላይ ቆመ።

«ሰው ሲመጣበት ፊት ለፊት ጎንበስ ይልለታል» አለች ሞርሳ፤ ድምፅዋ እየቀነሰ። «ለሄደው ደግሞ... ጀርባው ነው የሚታየው። አጎንባሽ።»

ቲቸር ብረቱን አነሣችና ወደ ሞርሳ ድምፅ አቅጣጫ ዘረጋችው፣ እንደ ታረመ ወረቀት። «እሱ ነው» አለች። «ከእሱ ሌላ ቃል የለውም። ሂጂ፣ ሥሪው።»

ሞርሳ ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያውን አልነካችውም፤ ልቧ ስለሞላ ደረጃዎቹንም መርገጧን እንጃ።

ቅዳሜ ወንድሟ በሰዓቱ መጣ። መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ የኋላውን ወንበር አጥፎ ነበር፤ ለሻንጣ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ በሯ ላይ ቆማለች።

«ማንም አይንካት» አለ ወንድሟ።

«የሚነካኝ የለም፣ ዞር በል» አለች ቲቸር ከላይ፤ ጣቷም የመጀመሪያዎቹን አጎንባሾች ከጀርባቸው አልፎ ሞገዱ ውስጥ ገባ።

ስምንቱን ወረደች፣ ተያዘች፣ ማረፊያው ላይ ዞረች። ወንድሟ ግን ሞኝ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ላይ፣ መሀሉን አለፍ ስትል ጠብቆ «እማዬ፣ ዛሬ የደም ግፊትሽን ተለክተሻል?» አላት።

ሞርሳ በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራት። ቲቸር ግን ቆመች። ግፊቷን ተናገረች። ትናንት ስንት እንደነበር ጨመረች። የእሱ ጨጓራ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፣ የሚስቱ ጉንፋን፣ የትልቁ ልጅ ፈተና፣ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ ተደፍኖ እንደሆነ። ወንድሟ ሁሉንም እየመለሰ ዐይኑ ከእግሯ ላይ አልተነሣም። ወሬው አለቀ። ቲቸር መውረዷን ቀጠለች፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ጣቷ ተያዘ። «ደረስኩ» አለች፣ እግሯንም መሬት ላይ እንደ ጽዋ አሳረፈችው።

አግዳሚው ጋ ሄዳ የተቀመጡትን በስማቸው ሰላም አለች። ተመለሰች። መውጣት ስትጀምር ደግሞ የሚሰማው የጣቷ ማለፍ ብቻ ነበር። ዘጠኝ። ተያዘች። ማረፊያ። ስምንት። እዚያ ላይ፣ እሑድ ዕለት ያሳፈራት ዓይነት ቦታ ላይ፣ ጣቷ ከአጎንባሹ ሥር ገብቶ ቆመ፤ እግሯ የሌለ ደረጃ አልፈለገም። በሯን ከፍታ ገባች።

ወንድሟ ደረጃው ሥር ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ፣ ለሞርሳ አስያዛት፣ ወደ ላይ ወጣ። «እስቲ» አለ። ዐይኑን ጨፈነና መውረድ ጀመረ።

«ምን አገኘህ?» አለች ቲቸር ከበሩ ላይ።

«ሞገድ ነገር።»

«ሞገድ ነገር አይባልም። ሞገድ።»

«እሺ፣ ሞገድ። ሞገድ። ... ኦ! ያዘኝ! ይሄ ምንድን ነው?»

«አጎንባሽ ነው። እህትህ ናት ያወጣችለት።»

ማረፊያውን አልፎ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ቲቸር «ዐይንህን ገልጠሃል» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፈጥነሃል።»

ወንድሟ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈርቶ እንደነበር ያኔ ነው ለሞርሳ የገባት። «በቃ፣ ተሸነፍኩ» አለ። «ቃሌ ቃል ነው። ሁለተኛ ከአፌ አትሰሙትም። ወንበሩን ልመልስና ልሂድ።»

«የት ትሄዳለህ?» አለች ቲቸር። «ቆይ፣ ልብሴን ልያዝ።»

«የምን ልብስ?»

«አንድ ሳምንት እንግዳ ልሁንህ እንጂ። የልጆቹ ድምፅ ናፍቆኛል። ሠራተኛዋንም ከቴሌቪዥኑ ላላቅቃት። የሚመጣው ቅዳሜ ትመልሰኛለህ።»

ወንድሟ ሞርሳን አየ፣ እናቱን አየ። «እስከ ትናንት እኮ ስለምንሽ...»

«እስከ ትናንት መመለሻ አልነበረኝማ።»

ልብሷ ከደቂቃዎች በኋላ ተከቶ አለቀ፤ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነበር። ወንድሟ ቦርሳውን ሊይዝላት ጎንበስ ሲል፣ ሞርሳም መስኮቱን ዘግታ በሩን ስትቆልፍ፣ ሁለቱም «እማዬ፣ ክንድሽን...» ብለው እኩል ዞሩ። እናታቸው አጠገባቸው አልነበረችም። ከታች የመኪና በር ሲከፈት ተሰማ።

«እኔ ፊት ነው የምቀመጠው!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ መጣ።